አያ ሞላን ያራመደ ዜማ

ልጅ ሳለሁ፣ ላሊበላ ላይ መብራት ሲጠፋ ከቤታችን ሰው ደስ የሚለው እኔን ብቻ ነበር። እናቴ ለእንግዶች የምትሸጠውን ጥልፍ አጣጥፋ ታስቀምጥና ኩራዙን ትለኩሳለች፤ አጎቷ አያ ሞላ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭስ የጠገበ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ፍሙ ጠጋ ይሉና ተረት ይጀምራሉ። አያ ሞላ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ ሲያርሱ ኖረው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ነው እኛ ቤት የገቡት። ቀኝ እጃቸው ሳያዙት ይንቀጠቀጣል፤ ጥላው ግድግዳው ላይ ሲርገበገብ ያኔ ለተረቱ ማሳመሪያ ብለው የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምወደው ዝናብ ልትለምን ተራራ የወጣችውን ኤሊ ነው። እንስሳቱ ሁሉ ሲስቁባት እሷ እያዜመች ትወጣለች፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ አያ ሞላ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ይጀምራሉ፣ እኔ እቀበላለሁ፦

«ና ና ይላል ዳገቱ፣
እሺ እሺ ይላል ጉልበቱ።»

እያደር ግን እግራቸውም ታመመ። ሜዳ ላይ ደህና ሲሄዱ ቆይተው በር ሲደርሱ ጫማቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስል ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሐኪሙ የአንጎል ሕመም ነው ብሎ ኪኒን ሰጣቸው፤ ጠበልም ተጠመቁ፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ቀነስ ቢልም የእግራቸው ነገር አልተሻለም። ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተዉት። እሑድ እሑድ ደጅ ተቀምጠው፣ ነጭ ለብሶ የሚወርደውን ሰው ዝም ብለው ያዩታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢያችን በር ላይ እንደ ልማዳቸው ቆመው ቀሩ፤ እኔ ክንዳቸውን ይዣለሁ። በመንገዱ ሙሽራ የሚሸኙ ሴቶች ከበሮ እየመቱ መጡ። ከበሮው ሲቀርብ የአያ ሞላ ተረከዝ ተነሣ። ከዚያ ሌላው እግር። ሳላስበው መንገዱ ላይ ደረስን። ሰርገኞቹ ሲርቁ እግራቸው መልሶ ቆመ። እሳቸውም የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ይመስል ጎንበስ ብለው ሲያዩት ቆዩና «አየሽ፣ የኔ ዓለም?» አሉኝ።

«አየሁ፣ አያ።»

«እስቲ የኤሊዋን በዪልኝ።»

አልኩላቸው። ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ውስጥ ስንለማመድ ሰነበትን፤ እናቴ መርፌዋን ይዛ እያየችን እንባዋን በነጠላዋ ታብስ ነበር። በመጨረሻ አያ ሞላ «እሑድ እንወርዳለን» አሉ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው መንገድ ከአለት የተፈለፈለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ነው። መሐሉ ላይ ስንደርስ እግራቸው ያዛቸው። ከኋላችን ሰው ተጠራቀመ። ዜማ ልጀምር አፌን ስከፍት ከውስጥ የካህናቱ ማኅሌት ተሰማኝ፤ በዚያ ቦታ የኤሊ ተረት ማዜም ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ። ሁለት ጎረምሶች ሊሸከሟቸው ቀረቡ።

«ተዉ ልጆቼ፤ ስሞት ትሸከሙኛላችሁ» አሉ አያ ሞላ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ግን ላብ አየሁ።

ጀመርኩ። «ና ና ይላል ዳገቱ...» ከኋላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠጋ ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን በአለቱ ላይ እኔ በምለው ልክ ይመቱ ጀመር። ምቱ በድንጋዩ ውስጥ ሄዶ ከእግሬ ሥር ተሰማኝ። አያ ሞላ ጉልበታቸውን አነሡ፤ ረገጡ፤ እንደገና አነሡ። ከኋላ የነበረው ሰውም ሳያውቀው በምቱ ይራመድ ነበር። ቅጥሩ ውስጥ ገብተን ሰማዩ ከላያችን ሲከፈት አያ ሞላ በግንባራቸው ተደፍተው መሬቱን ሳሙ።

ቄሱ «የማን ዜማ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የኤሊ ነው፣ አባ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ኤሊም የእሱ ፍጥረት ናት» ብለውኝ አለፉ።

አያ ሞላ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። መጨረሻ ላይ ሕመሙ በረታ፤ ዜማውም ከአልጋ ሊያነሣቸው አልቻለም። ያም ሆኖ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳዜም የእግራቸው ጣቶች ብርድ ልብሱ ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር። አድጌ ስጠይቅ፣ የታሰረ እግር ምት ሲሰማ እንደሚፈታ ሐኪሞችም እንደሚያውቁ ነገሩኝ። አንጎል ውስጥ ሌላ መንገድ አለ ይላሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ማንም ሳያስተምረን ይዘነው የምንወለደው ሌላ መንገድ።

ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቁኝ ግን እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ገበያ መሐል ያ ሁሉ ሰው እያያቸው ጮክ ብለው እያዜሙ ሲያልፉ አያፍሩም ነበር። ነገሩን የማያውቅ ሰው «ምን ደስታ ተገኘ፣ አያ ሞላ?» ይላቸዋል።

«መሄድ» ይላሉ፤ ምቱ እንዳያመልጣቸው ሳይቆሙ።