«አፈር ስሆን»

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «አፈር ስሆን» ነው የሚላት። ስትለምን ከአፏ የማትለይ ቃል ናት፤ ሥራዋም ያው የሕንፃ መሬት መመርመር ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መታጠቢያ ቤታችን ሳይቀር በአፈር ከረጢት ሲሞላ ሌላ ምን ልበላት?

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ባለፎቅ ክፍሎች ሊጨምር ሲነሳ፣ መሬቱን እንድታይ እህቴን የጠሯት ርዕሰ መምህሩ ነበሩ። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው።

በጋ ነበር። ቆፋሪዎቹ ትንሽ እንደወረዱ ዶማው እየነጠረ አስቸገራቸው። «ድንጋይ ነው፤ መሠረቱ እዚህ ይረፍ» አሉ። እህቴ አንድ ጓል አንስታ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ከተተችው። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ጓሉ አብጦ ተፈረፈረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥቁር አፈር ነው» አለቻቸው። «በበጋ ድንጋይ፣ በዝናብ ሊጥ። አፈር ስሆን፣ ከሥሩ አለት እስኪገኝ ይቆፈር።»

«ልጄ፣ ቶሎ ይደርሳል ብዬ ለወላጆች ተናግሬያለሁ። በስተርጅና አታሳፍሪኝ።»

አንገቷን ደፋች። ይሉኝታ የሚሏት በሽታ በእኛ ቤት የዘር ናት። መሠረቱ እዚያው ይረፍ ብላ ፈረመች።

«ምን ነካሽ?» አልኳት ተናድጄ።

«በምን ዓይኔ አይቼ እምቢ ልበላቸው?»

ክፍሎቹ ተሠርተው ተከፈቱ፤ ለልጄም ፎቁ ደረሳት። እህቴ ግን ደመና ባየች ቁጥር እህል አልዋጥ ይላት ጀመር። ዝናቡ መጣ፤ ሳያባራም ሰነበተ።

አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት እየሳቀች ገባች። «አባዬ፣ የክፍላችን በር አልዘጋም አለ! መምህራችን በትከሻዋ ብትገፋው፣ ብትገፋው፣ እምቢ።»

እኔም ሳቅሁ። እህቴ አልሳቀችም።

«ግድግዳው ላይስ ምን አለ?»

«ስንጥቅ አለ። እርሳሳችንን እዚያ ነው የምናስቀምጠው።»

እህቴ ልጄ ፊት ተንበረከከች። «አፈር ስሆን፣ ነገ እንዳትሄጂ።»

ስንት ዓመት የቀለድኩበት ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ግን የልጄን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረድኩ።

«እኔ ብቻ?» አለች ልጄ።

እህቴ ጃንጥላ እንኳ ሳትይዝ ወጣች። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄደች፤ «ጠዋት እንነጋገራለን» ብለው ሸኟት። ከዚያ ልጅ ያለበትን በር ሁሉ አንኳኳች። «አፈር ስሆን፣ ነገ ልጆቹን አትላኩ» ስትላቸው፣ እንደ ልማዳቸው ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ።