ዓርብ ቀን የወጣ ቅቤ

ቀኝ ትከሻዬን ብርድ ሲነካው ያመኛል። ሐኪሙ «እርጅና ነው» ይለኛል። ቅቤ ነው ብለው አያምነኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ማታ ማታ ዩለስ ከተማ አጠገብ ያለው ኤርፖርት የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፣ ቀን ሪቻርድሰን ከተማ ኮሌጅ እማራለሁ። የምግብ ኬሚስትሪ ክላስ የያዝኩት ቀላል መስሎኝ ነበር። ያላቋረጥኩት ግን ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ በምትጋራኝ የጎንደር ልጅ ምክንያት ነው። ዓርብ ዓርብ አብረን ወተት ስናረጋ፣ እንቁላል ስንመታ ሴሚስተሩ አለቀ። ለሁሉ ነገር የሚፈጥነው አፌ «ምሳ አብረን እንብላ» ለማለት ተለጉሞ ከረመ። ያ ዓርብ የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለነርሲንግ ትምህርት ሂዩስተን ልትሄድ ነው።

አስተማሪያችን ፀጉራቸው የነጣ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴትዮ ነበሩ። ክሬም የያዙ ጠርሙሶች ደረደሩልን፤ ገሚሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ገሚሱ የሞቀ። «ምረጡና ናጡ። ቅቤ ያወጣ ይቀምሳል» አሉ።

«ቅቤ እንኳ ለኔ ተይው» አልኳት ልጅቷን። «የሞቀው ነው ቶሎ የሚወጣ። አገር ቤት በፍሪጅ ይናጣል እንዴ?»

«አንተ የካዛንቺስ ልጅ፣ ላም አይተህ ታውቃለህ?»

ማየቱንስ አይቻለሁ፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ።

እሷ ቀዝቃዛውን አነሳች፣ እኔ የሞቀውን። ናጥን። ክፍሉ በረኪናና ወተት ይሸታል፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ማጅራቴን ይጠብሰዋል። የእሷ ጠርሙስ መጀመሪያ ድምፁ ጠፋ፣ ከዚያ ድንገት ቦጭ አለ፤ ቢጫ እንክብል አሬራው ላይ ተንሳፈፈ። የኔው እንደ ጉድ ይንቦጫረቃል። ትከሻዬ ዛለ፣ ሸሚዜ ራሰ።

«ስቡ ከቀለጠ እርስ በርሱ አይያያዝም» አሉኝ አስተማሪዋ በመጨረሻ።

«ታዲያ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?»

«ብነግርህ ትሰማ ነበር?»

ልጅቷ ሳቀች። ብስኩት ላይ ቅቤዋን ቀባች፣ ጨው ነሰነሰችበትና ወደ አፌ አስጠጋችው። «እንካ፣ ደክመህበታል።»

አፌን ከፍቼ ሳለሁ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየሁ። የቄስ ልጅ ናት። ጨዋ ልምሰላት ብዬ፣ «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?» አልኳት። አሜሪካ ከገባሁ ጾሜ አላውቅም፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ እንቁላል በልቼ ነው የመጣሁ።

እጇ ቆመ። «ውይ፣ ረስቼው።» ብስኩቱን በናፕኪን ጠቀለለችው። «እኔኮ ከክላስ በኋላ በርገር ልጋብዝህ ነበር። ኦኬ፣ ተወው። ለካ ጾመኛ ነህ።»

የጾም ምግብ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ነው፤ መኪናዋ ከወጣች በኋላ።

ኋላ ከሂዩስተን ወደኛው አካባቢ ተመልሳ ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ልጆቿን እንዳሳደገች ሰማሁ። እኔን ሐኪሙ ቅቤ ከልክሎኛል። ሶ፣ በግዴም ቢሆን ጾመኛ ሆኛለሁ። አንዳንድ ዓርብ ግን ብስኩት ላይ ጨው ነስንሼ ለብቻዬ እቀምሳለሁ። ቅቤው ብቻ ነው የሌለው።