ጎን ለጎን የተነጠፉት ሁለት አልጋዎች

የዓይን ሐኪም ሆኜ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ፣ በዓይን ብሌን ሕክምና ተጨማሪ ስፔሻሊቲ እንድማር ተመረጥኩ። ዛሬ «ፌሎሺፕ» ይሉታል። ያኔ ስም አልነበረውም። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «ዓይን ስንት ቢሆን ነው ልጄ፣ እስካሁን ተምረሽ ያልጨረስሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። ብሌን ማለት ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ ጠባሳ ሲይዘው ሰው ይታወራል፤ ከሞተ ሰው ላይ ጤነኛውን ቆርጠው ቢተኩለት መልሶ ያያል አልኳት። እናቴ ሳቋን ትታ ማማተብ ጀመረች።

አይፈረድባትም። አስተማሪዬ ይህን ጥበብ በሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ነበሩ። ግን አገሩ ውስጥ ዓይኑን የሚሰጥ ሟች አልነበረም፤ ቢሰጥም የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። እኔም ከቄራ በሚመጣ የበግ ዓይን ላይ ስቆርጥና ስሰፋ ከረምኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አንዳንድ ቀን ንዴቴ አፍንጫዬ ላይ ይደርስና መቀሱን ወርውሬ እወጣ ነበር። ትንሽ ቆይቼ አፍሬ እመለሳለሁ።

በሥልጠናው መጨረሻ አስተማሪዬ «ጠባሳውን ከነሰውየው ካላየሽው ሐኪም አትሆኚም» ብለው ጂንካ ይዘውኝ ወረዱ። እዚያ እሳቸው እያዩ አንድ ኦፕራሲዮን ብቻዬን እሠራለሁ። ካማራቸው ሥልጠናውን ጨረስኩ ማለት ነው። ካላማራቸው ወደ በጌ እመለሳለሁ።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሀል፣ ሣሩ ላይ ነው። ላሞቹ እስኪባረሩ ሰማይ ላይ ዞር ዞር ብለን ወረድን። ያረፍንበት ሆስፒታል ግድግዳ ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል መፈክር ተጽፏል። ፋሻውም አብሮ የዘመተ መሰለኝ፤ ያገለገለውን እያጠብንና እየቀቀልን መልሰን እንጠቀምበት ነበር። የሚያስተረጉምልን የሆስፒታሉ ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሁሉንም የሚሠራ፣ ጎልማሳ የአሪ ሰው። ከአሪኛና ከአማርኛ ሌላ የጎረቤቶቻቸውን የበናዎቹንም ቋንቋ ይናገራል።

አስተማሪዬ አንድ ልማድ ነበራቸው። በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመው፣ በሽተኛው እዚያ የሌለ ይመስል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያስተምራሉ። ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው። በእንግሊዝኛ ይጀምሩና ሲሞቃቸው ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ ሲበርድላቸው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳሉ። ሰው አናት ላይ ቆሞ ስለ ሰውየው ማውራት ደሜን ያፈላው ነበር፤ ግን በአስተማሪ ፊት ማን አፍ አለው?

በመጣን ማግስት አንዲት የበና ሴትና አንዲት ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም። ሴትዮዋ የፍየል ቆዳ ለብሳለች፤ ጸጉሯ በቀይ አፈርና በቅቤ ተለውሷል፤ ክንዷ እስከ ክርኗ በብረት አምባር ተሞልቷል። ድሬሰሩ ጠይቆ ነገረን። ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ ወዲያ ካለ መንደር፣ በእህል መኪና ላይ ተጭነው ነው የመጡት። ልጅቷ የእህቷ ልጅ ናት። እናትየው ስትሞት አክስትየዋ ወስዳ አሳደገቻት። ከዚያ የአክስትየዋ ዓይን እየጨለመ ሄደ፤ ጥላ ብቻ ቀረላት። ልጅቷ ደግሞ በኩፍኝ ታወረች። አክስትየዋ የልጅቷን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያየችው ኩፍኙ ሳይመጣ፣ የራሷም ዓይን ጤነኛ ሳለ ነው። የመጡት ለልጅቷ ነበር።

ባትሪዬን አብርቼ የልጅቷን ዓይን ሳይ ክው አልኩ። ሁለቱም ብሌኖች እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጠባሳ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ በልጅ ፊት ላይማ ጭራሽ። ባትሪውን አጠፋሁ።

አስተማሪዬ ግን ሞቃቸው። «ይኸውልሽ!» አሉ በአማርኛ፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ። «ይህ በጠብታ አይድንም፣ በቅባት አይድንም! ይህች ልጅ የምታየው የሌላ ሰው ዓይን ስታገኝ ብቻ ነው!»

አክስትየዋ የድሬሰሩን ጋዎን ሳብ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችው። ምን እንዳሉ ማወቅ ፈልጋ ነው። እሱም የሰማውን ነገራት። አስተማሪዬ በዚህ መሀል ወደ እንግሊዝኛቸው ተመልሰው፣ ይህ ሕክምና በአገራችን እንደሌለ፣ ምናልባት ወደፊት እንደሚመጣ ያስረዱኝ ጀመር። ያንን የተረጎመላት ሰው የለም። ሴትዮዋ የልጅቷን ጭንቅላት ትዳብሳለች።

ከዚያ ባትሪውን ከእጄ ወስደው የአክስትየዋን ዓይን አዩ። ሁለቱም ላይ የዓይን ሞራ፣ የበሰለ። «ፈተናሽ ይኸው» አሉኝ። «ነገ አንደኛውን ትሠሪዋለሽ።» ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። «ነገ ዓይንሽን እንሠራዋለን በላት። ትፈቅድ እንደሆነ ጠይቃት።»

ረጅም ሙግት ጠብቄ ነበር። ዓይን ላይ ቢላ ያርፋል ሲባል ማን ይወዳል? ከሷ በፊት የጠየቅነው ሰውዬ ከዘራውን ትቶልን ነው የሮጠው። እሷ ግን ወዲያው ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ልጅቷም አጠገቤ ትተኛለች ወይ? ትላለች» አለ ድሬሰሩ።

«ትተኛ እንጂ!» አሉ አስተማሪዬ እየሳቁ። ደግ ሰው ነበሩ። ነርሷን ጠርተው ሁለት አልጋ ጎን ለጎን እንድታነጥፍ አዘዟት።

በማግስቱ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ከመግባቷ በፊት አምባሮቿን አንድ በአንድ እያወለቀች ለልጅቷ አጠለቀችላት። ጨሌዋንም ከአንገቷ አውጥታ አሰረችላት። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ስትዳስሳት ቆየች። ነርሷ «ዕቃዋን አደራ እየሰጠች ነው» አለች። እኔም አመንኳት።

ጠረጴዛው ላይ እንደ እሷ ያለ በሽተኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። መርፌው ሲገባ አልተነቃነቀችም። ሞራው ሳይፈርስ፣ ሙሉ ለሙሉ ወጣልኝ። ከኋላዬ የቆሙት አስተማሪዬ «ጥሩ» አሉ። ከሳቸው አፍ «ጥሩ» መስማት ለኔ ሠርግ ነበር። ጮቤ እየረገጥኩ ወጣሁ። ሥልጠናዬን ጨረስኩ!

ዓይኗ ታሽጎ በጀርባዋ ተኝታ በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ አንድ እጇ በሁለቱ አልጋዎች መሀል ተዘርግቶ የልጅቷን እጅ እንደያዘ ነበር።

ፋሻው የሚፈታ ዕለት አስተማሪዬም፣ ድሬሰሩም፣ ነርሷም ተሰበሰቡ። ነርሷ ለእልልታ ተዘጋጅታለች። ፋሻውን ፈታሁ። ሞራ ከወጣ በኋላ የሚደረገውን ወፍራም መነጽር አደረግሁላትና ጣቶቼን ዘረጋሁ። «ስንት ነው በላት።»

አላየችኝም። ያለወትሮው ዓይኗ ጥላ ሳይሆን ሰው ፈልጎ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረ። ልጅቷን አየቻት። አምባሮቹን፣ ጨሌውን፣ ከዚያ ሁለቱን ነጫጭ ዓይኖች። እስክትስቅ ጠበቅን። አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ማለቷ ነበር። ሴትዮዋ መነጽሩን አውልቃ ልጅቷ ፊት ላይ አደረገችላት። እኛ ሳቅን፤ ነርሷም አጨበጨበች። ደግማ ጠየቀቻት። ልጅቷ አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞራ ጮኸች። ድሬሰሩ አፉን ይዞ ቀረ።

«ምን አለች?» አሉት አስተማሪዬ።

«‹እኔ ጥላ እንኳ የሚያየውን ዓይኔን ለሷ ሰጠሁ› ትላለች። ‹እናንተ ለሷ የሚሆነውን ዓይን ለኔ ሰጣችሁ። ለሷ መልሱ› ትላለች።»

ያኔ የተባለው ሁሉ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ደወለ። የሌላ ሰው ዓይን ስታገኝ ብቻ። ነገ ዓይንሽን እንሠራዋለን። ልጅቷም አጠገቤ ትተኛለች ወይ? አምባሮቹ። ሴትዮዋ ጠረጴዛዬ ላይ የወጣችው ለመታወር ነበር። እኔ የተመረቅሁበት ያ እርጋታዋ፣ ዓይኗን የምትሰጥ ሰው እርጋታ ነበር። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

አስተማሪዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊቷን እያዩ ለራሷ ተናገሩ። «ይህ ዓይን የራስሽ ነው። ከማንም አልወሰድንም። ለልጅቷ የሚሆነው ሕክምና ግን እዚህ አገር የለም። ባለበት አገርም ቢሆን ከሕያው ሰው ላይ ዓይን አይወሰድም፤ ከሞተ ሰው ብቻ ነው።» ድሬሰሩ ቀስ እያለ፣ ምንም ሳያስቀር ተረጎመላት።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ንዴቷ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። ገባት ብዬ ተነፈስኩ። ለስለስ ባለ ድምፅ አጭር ነገር ተናገረች።

ድሬሰሩ መሬት መሬት እያየ ነው የነገረን። «‹ከሞተ ሰው ከሆነ› ትላለች፣ ‹ታዲያ ምን ቸገረ?› ትላለች።»

መነጽሩን ከልጅቷ ፊት ላይ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እንደ ኦፕራሲዮኑ ቀን በጀርባዋ ቀጥ ብላ ተኛች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇንም ወደ ልጅቷ አልጋ ዘረጋች።