የዱባው ፍሬ ሠርቶ ነበር

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ቆላ ወርደን በከረምንበት ጊዜ ነው። ሰሞኑን በሬዲዮ ስለ ዱባ ጥቅም ሲወራ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ተናጋሪው ያለው ሁሉ እውነት ነው። የከፋኝም እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አያልነህና እኔ ከጎጃም የወረድን የቀን ሠራተኞች ነበርን። አጨዳው ሲያልቅ ሌላው ወደ አገሩ ተመለሰ። እኛ ግን አፈሳ ፈርተን እዚያው መተማ፣ ሸሕዲ ከተማ አካባቢ ቀረን። በአገራችን ቀበሌው ወጣቱን እየለቀመ ወደ ጦር ሜዳ ይልክ ስለነበር ቆላው ይሻለናል አልን።

በዓመቱ ወንድሜ ከሳ። ትኩሳቱ መጣ ሄደ እያለ ከረመ። ሰውነቱ አልቆ ሆዱ ብቻ ይነፋ ጀመር። ደገኛ ሆዱ ሲነፋ ቶሎ የሚጠረጥረው ኮሶን ነው። ወንድሜ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ይወድ ነበር፤ የትሉንም ቁራጭ በዓይኑ አይቷል። ማንም አልተጠራጠረም።

ሸሕዲ ላይ ሱቅ የነበራቸው እማማ ዘይነባ የሚባሉ ደግ ሴት፣ ለደከመ ሰው ኮሶ መጠጣት ይከብደዋል አሉኝ።

«የዱባ ፍሬ ይበቃዋል ልጄ። ጥሬውን ልጠህ ውቀጠው፤ በማር ለውሰህ በባዶ ሆዱ ስጠው።»

ዱባውንም ራሳቸው ሰጡኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ሠራ። ረዥም ትል ወጣለት። የትሉ ጭንቅላት ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል ስለሚባል በእንጨት እያገላበጥን ፈለግነው፤ አገኘነውም። ወንድሜ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

«ከእንግዲህ ጎንደር ሐኪም ቤት እንሂድ እንዳትለኝ» አለ። መንገዱ ላይ ፍተሻ ስለነበር ለእሱ ሐኪም ቤትና አፈሳ አንድ ነበሩ።

ሆዱ ግን አልጎደለም። በሽታው ወጥቷል፣ እብጠቱም ቀስ እያለ ይጎድላል ተባባልን። ሰሊጡ ደርሶ ታጨደ፤ ነዶው ቆመ፤ እሱ ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየናል። አፍንጫው መድማት ሲጀምር እምቢ እያለኝ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ ወደ ጎንደር አወጣሁት።

ፍተሻው ላይ አንድ ወታደር ሸራውን ገልጦ አየው። አንድም ነገር ሳይጠይቅ መልሶ ሸፈነውና «እለፉ» አለ። ወንድሜ ያን ያህል የፈራው ሰው አልፈለገውም። እንደሚሞት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ጎንደር ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ።

«ያበጠው ጣፊያው ነው። ካላዛር ይባላል፤ የቆላ በሽታ ነው። ቀደም ብሎ ቢመጣ መርፌ ነበረው» አለኝ።

«ትሉ እኮ ወጥቷል» አልሁት።

ወንድሜ ሳምንት አልቆየም። አስከሬኑን አገር ማስገባት ስላልቻልሁ እዚያው ጎንደር ቀበርሁት።

እማማ ዘይነባ ሲሰሙ «እኔ ነኝ የገደልሁት» ብለው አለቀሱ። «እርስዎ አይደሉም እማማ» አልኋቸው። ከልቤ ነው። የሰጡን መድኃኒት ለኮሶ ነበር፤ ኮሶውንም አወጣ።

ስንት ዘመን አለፈ፤ ሐዘኑ ግን አልወጣልኝም። ጥፋተኛ ባገኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሱን እየረገምሁ እኖር ነበር። ያ መድኃኒት ባይሠራ ኖሮ በጊዜ ሐኪም ቤት እንሄድ ነበር፤ ወንድሜም ምናልባት በሕይወት ይኖር ነበር። ይህን ለማን ነው የምከሰው?