የሐሙስ ሙቀት

ሥራ የጀመርሁት ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ በጋሼ ምናለ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን መፍቻ እንኳ አላስነኩኝም። አንድ የተከፈተ ሬዲዮ አቀረቡልኝና «እጅህን ጫንበት፤ የቱ ጋ ይሞቃል?» አሉኝ። ትራንስፎርመሩን ነክቼ አሳየኋቸው። «በቃ፣ ትሆናለህ። መለኪያ ይዋሻል፣ እጅ ግን አይዋሽም» አሉ።

በዚያው ዕለት ጎረቤታችን ፎቶ አንሺው ሐጂ ሰይድ ካሜራቸውን ይዘው ብቅ አሉና ሁለታችንን ሱቁ በር ላይ አነሡን። ጋሼ ምናለ እጃቸውን ሬዲዮው ላይ ጭነዋል፤ እኔ በልኬ ያልተሰፋ ሰፊ ቱታ ለብሻለሁ።

ጋሼ ምናለ ካረፉ ቆይተዋል። ቴፑ ቀረ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ እኔም አብሬ ተሻገርሁ። ሱቋ ያችው ናት። እጄን ማመንም አልተውሁም ነበር፤ በአንድ ክረምት እስኪያሳፍረኝ ድረስ።

ሐጂ ሰይድ ሲያረጁ ስቱዲዮውን ዘግተው ዕቃቸውን ቤት አስገቡ። የድሮ ፊልሞቻቸውን ጣሪያ አፍስሶ አበላሽቶባቸዋል። የተረፈው አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ብቻ ነው። እሱም ሳሎናቸው ቡፌ ላይ በተቀመጠች፣ ሣጥን በምትመስል ትንሽ ሰርቨር ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ሃርድ ዲስክ አላት፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ሁለቱም ላይ ያው ነገር ይጻፋል። የከተማውም የገጠሩም ሰው መልክ እዚያ አለ። ከእብናት ድረስ እየመጣ «እናቴን አንሥተዋት ነበር፤ ሌላ ፎቶ የላትም» የሚላቸው አለ። ሐጂም ፈልገው ያወጡለታል። ስቱዲዮውን ቢዘጉም ይህን ሥራ አልዘጉም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀትር ደወሉልኝ። «አስማረ፣ ገበያ ሆኜ በስልኬ መልእክት መጣብኝ፤ ‹ዲስኩ ጋለ› ይላል። ቤት ስደውል ሣጥኗም ትጮሃለች አሉኝ።»

«ሐጂ፣ በደብረ ታቦር? በሐምሌ?» አልሁና ሣቅሁ። አሥር ሰዓት ላይ እንደምመጣ ነገርኋቸው።

ስደርስ ሳሎኑ ተጠርጎ፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ጠበቀኝ። ሰርቨሩ ላይ እጄን ጫንሁ፤ ለብ ከማለት አያልፍም። መለኪያው ሠላሳ አምስት ዲግሪ ያሳያል። ማቀዝቀዣ ፋኑም ይዞራል። የቀትሩ ማስጠንቀቂያ ግን ስልሳ ሦስት ይላል።

«የሙቀት መለኪያው ነው የሚዋሸው» አልኋቸውና ማስጠንቀቂያውን አጠፋሁት።

ሐጂ አልተዋጠላቸውም። «ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ነው። ይህችስ እንዲያው ትጮሃለች?»

«ይህንን ለእኔ ይተዉት» ብያቸው ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ረቡዕ ጧት እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር። «አንዷ መብራት ቀይ ሆናለች» አሉኝ።

እየሮጥሁ ሄድሁ። አንዱ ዲስክ ሞቷል። የቀረውም አንዳንድ ቦታ ማንበብ እየተሳነው ነው። እሱ ከሄደ ሁሉም ሄደ። ሐጂ አጠገቤ ቆመው «ቅዳሜ ከእብናት አንዲት ሴት ትመጣለች፤ የእናቷን ፎቶ ልሰጣት ቃል ገብቻለሁ» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው። የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብሁ። ማስጠንቀቂያውን ባጠፋም መመዝገቡን አላቆመም ነበር። ሙቀቱ የሚወጣው ሐሙስ ብቻ ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ስልሳ ያልፋል፣ ከዚያ ይወርዳል።

«ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ቤት ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሐሙስ እኔ ገበያ ነኝ» አሉ ሐጂ።

ባለቤታቸው እትየ ዘሃራ ጓዳው በር ላይ ቆመዋል። «ሊጥ ኤሌክትሪክ ይነካል እንዴ?» አሉ።

ለዐርብ እንግዳ የሚሆነውን ዳቦ የሚያቦኩት ሐሙስ ነው። በእኛ ብርድ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም። እትየ ዘሃራ ሣጥኗ ከላይ ለብ እንደምትል ደርሰውባታል። እናም ቡሃቃውን እላይዋ ያስቀምጡና ከነሣጥኗ በጋቢ ይጠቀልሉታል። አየር መውጫዋ ሁሉ ይታፈናል።

«እኔ ስመጣ እኮ ምንም አልነበረም» አልሁ።

«ምነው ልጄ! እንግዳ ሲመጣ ቡሃቃ ሳሎን ይቀመጣል? ትመጣለህ ሲሉኝ አነሣሁት እንጂ።»

ሐጂ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺ ሴት፣ ያገሩን ሰው ሁሉ ከዳቦው ጋር ልትጋግሪው ነበር?»

ለቀልድ ነው ያሉት፤ የእትየ ዘሃራ ዐይን ግን እንባ አቀረረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ። «ሣጥኗማ ጮሃለች፤ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የተረፈውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነበረብን። የታመመ ዲስክ ደግሞ ሲሠራ ይግላል። ቬንትሌተር ፍለጋ ገበያውን ዞርሁ። አንዱ ባለሱቅ «ደኅና አይደለህም እንዴ? ማሞቂያ ልስጥህ» ብሎ ሣቀብኝ። ባዶ እጄን ተመለስሁና የሰርቨሩን ክዳን ገልጬ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ከጉና ተራራ የሚመጣው ነፋስ የቬንትሌተሩን ሥራ ሠራልን። ሐጂ ዝናብ እንዳይነካው ጃንጥላ ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ። እትየ ዘሃራ ያንኑ ጋቢ አምጥተው ለእኔ ደረቡልኝ። ዕድሜ ልኬን ያማረርሁትን ብርድ ያን ቀን አመሰገንሁት። ሙቀቱ ከሠላሳ ስምንት አላለፈም።

ፎቶዎቹ በኮምፒውተሬ ላይ ሲያልፉ ሐጂ ሁሉንም ያውቋቸዋል። «ይቺ የጋሳይ ሙሽራ ናት። ይሄ ደግሞ በሬ የሸጠ ዕለት ነው የተነሣው።» ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግልበጣው አለቀ። ያልተነበቡ ጥቂት ናቸው። የእብናቷ ሴት እናት ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኮስተር ብላ ወጣች። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጃንጥላውን ዘጉ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«እንግዲህ ሊጤን የት ላድርሰው?» አሉ እትየ ዘሃራ።

«አምጭው፣ ታቅፌው እውላለሁ» አሉ ሐጂ።

ቅዳሜ ሐጂ ሁለት ፎቶ አሳጠቡ። አንዱን ሴትየዋ ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እብናት ተመለሰች። ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ፤ የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ነው። ጋሼ ምናለ ሌላ ፎቶ የላቸውም።

አሁን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ምናለ እጃቸውን ሬዲዮው ላይ እንደጫኑ ናቸው። እኔም እስከ ዛሬ እጄን እጭናለሁ። ማስጠንቀቂያ ግን ቀኑንና ሰዓቱን ሳላነብ አላጠፋም። ወደ ደንበኛ ቤት ከመሄዴ በፊትም እደውላለሁ፦ «እባካችሁ ለእኔ ብላችሁ ቤቱን አታጽዱ።»