ያየሁትና የጨመርሁበት

የታሰርሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ላይ መዳፍ የሚያህል ክፍተት አለ፤ ብርሃን የሚገባው በእሱ ነው። በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የዲዲቲ፣ የላብ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠው የሽንት ባልዲ ሽታ። ዐሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ፤ ከእኔ ጋር ዐሥራ ሁለት ሆንን። አንዷ እግሯን ሰብስባ ቦታ ሰጠችኝ። ምን አድርገሽ ነው ያለኝ ሰው የለም።

የተያዝሁት ከትምህርት ቤት ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ያኔ ግን ይህን ማን ያውቃል። ሁለት ታጣቂዎች ክፍሉ በር ላይ ቆመው ስሜን ከወረቀት አነበቡ። የሒሳብ አስተማሪያችን ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ያደረግሁትን አውቀዋለሁ፤ አልዋሽም። የተከለከለ ወረቀት አንብቤአለሁ፤ አንብቤም አልተውሁት፣ በእጄ ገለበጥሁት። የሰጠችኝ ጓደኛዬ ናት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። የሁለታችንም አባቶች የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ከሌላ አገር በሥራ ተመድበው ባሕር ዳር የመጡ፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። እሷም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መያዟን የነገረኝ መርማሪው ነው።

መርማሪው አይጮህም ነበር። የገለበጥሁትን ከፊቴ አስቀምጦ፣ ዋናውን ማን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ። ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘሁት አልሁ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ አልሁ። በሁለተኛው ቀን የውስጥ እግሬን ተገረፍሁ፤ ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ አራት ቀን ሳይጠራኝ ቆየ። በአምስተኛው ጧት አስጠርቶኝ ወንበር ሰጠኝ።

"ጓደኛሽ ጨርሳለች" አለኝ። "ሁሉንም በአንቺ ላይ አድርጋ ፈርማለች። ታዲያ አንቺ ለማን ብለሽ ነው? ነገ ጧት እጠራሻለሁ፤ አስቢበት።"

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሆናል፣ በበሩ ስንጥቅ ወደ ግቢው ስመለከት ጓደኛዬን አየኋት። ከመርማሪው ጎን ትሄዳለች። እጇ አልታሰረም። በቀኝ እጇ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛለች።

ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ ብቻውን ሮጠ። ሸጣኛለች። በለስላሳ ሸጣኛለች። ድሮም ትቀናብኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለን የጠፋብኝን መጽሐፍ የወሰደችው እሷ ናት። እናቷም ለእናቴ ቀና ሰላምታ ሰጥታ አታውቅም። ዛሬ ትፈታለች፤ እቤቷ ሄዳ ትታጠባለች፤ እናቴን አጥር ላይ ጠርታ ልጅሽ አበላሸችኝ ትላታለች፤ አባቴን ከሥራ ያባርሩታል፤ እኔ እዚሁ እበሰብሳለሁ። የስድስት የሰባት ዓመት ጓደኝነት አንድ በአንድ እየመዘዝሁ ማስረጃ አደረግሁት። ፀሐይ መሐል አናት ሳትደርስ ፍርዱን ጨርሼ ነበር።

"ሸጣኛለች" አልሁ ጮክ ብዬ። "ነገ እኔም እናገራለሁ።"

አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ተናግረሽ ውጪ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ አለችኝ። ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር፤ ወረቀት ሰጪ ተብሎ የተፈረመበት ሰው በዚህ ግቢ አይቆይም፣ በመኪና ይወስዱታል። ከተወሰዱት መካከል ስለ አንዱም ወሬ የሰማ አልነበረም።

በሌላው ጥግ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ ከባላቸው ጋር በታንኳ ከዘጌ እንጨት እያመጡ ባሕር ዳር ይሸጡ ነበር። የታሰሩት ባላቸው በጎርጎራ በኩል ሽፍታ አሻግረዋል ተብሎ ነው። እጃቸው አያርፍም፤ ከአሮጌ ጆንያ ክር እየመዘዙ ጭናቸው ላይ ገመድ ያከራሉ። ገመዱን ለምን እንደሚፈልጉት ጠይቄያቸው፣ ለምንም ብለውኝ ነበር። እትዬ ነው የምንላቸው።

"ምን አየሽ?" አሉኝ፣ ከክራቸው ቀና ሳይሉ።

"ሸጣኛለች አልሁ እኮ፣ እትዬ።"

"እሱንማ ሰማሁ። ዓይንሽ ምን አየ ነው የምልሽ።"

"ከመርማሪው ጋር ስትሄድ።"

"ስትስቅ?"

"ፊቷን አላየሁትም።"

"የት አስገባት?"

"አላየሁም።"

"ስትፈርምስ?"

አንዷ ከበሩ አጠገብ፣ "እትዬ ደግሞ ከመርማሪው ባሱ" አለች፤ ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ። እኔ ተናደድሁ። ፊደል እንኳ ያልቆጠሩ ሰው ስለ ፊርማ ምን ያውቃሉ አልኋቸው። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ብሰርዘው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ብያለሁ።

"አልቆጠርሁም" አሉ። "ተቀመጪ።"

ተቀመጥሁ። ከዚያ ስለ ታንኳ ነገሩኝ። ጧት ጉም ሐይቁን ሲሸፍነው፣ ከኋላ ያለው ይቀዝፋል፣ ከፊት ያለው ያያል። ከፊት ያለው ሰው አንድ ደንብ አለበት። ያየውን ይናገራል፤ ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ በቀኝ በኩል ነው፣ አይንቀሳቀስም ይላል። ይህ ነው ብሎ ግን አይበይንም። ከኋላ ያለው መቅዘፉን አቁሞ፣ እስኪለይ ይጠብቃል። እሳቸው ሙሽራ ሆነው በሁለተኛው ወር ከፊት ተቀመጡ። ጥቁር ነገር አዩና "ጉማሬ" አሉ። ከኋላ ይቀዝፉ የነበሩት አማታቸው ደንግጠው ተነሡ፤ ታንኳው አጋደለ፤ የአንድ ሳምንት እንጨት ውሃ ገባ፤ አማታቸውን እሳቸው በፀጉራቸው ጎትተው አወጧቸው። ጉሙ ሲገለጥ ጥቁሩ ነገር ተገንጥሎ የሚንሳፈፍ ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ሣር፣ ነበር።

"እስኪሞቱ ድረስ፣ ምራቴ በደንገል ልትገድለኝ ነበር እያሉ በየሰርጉ ይስቁብኝ ነበር" አሉ።

"ጉማሬ ቢሆንስ ኖሮ?" አልኋቸው።

"ቀስ ብለን እንዞር ነበራ። ጉማሬ የለም አላልሁሽም፣ ልጄ። ወላሂ ሞልቷል። አላየሽውም ነው ያልሁሽ።"

በመጋዘኑ ወለል ስንጥቅ ውስጥ የቀረ የማሽላ ፍሬ አይጠፋም። እትዬ እየፈለቀቁ ያዙና፣ ንገሪኝ አሉኝ። ዓይኔ ላየው በቀኝ አንድ ፍሬ፤ ከሰው ለሰማሁት በመሐል፤ ራሴ ለጨመርሁት በግራ። በቀኝ በኩል ሦስት ሆነ፤ ከሱ ጎን ሄደች፣ እጇ አልታሰረም፣ ጠርሙስ ይዛለች። በመሐል አንድ፤ ፈርማለች። ማን ነገረሽ አሉኝ። መርማሪው አልሁ። እሱ ምን ይፈልጋል አሉኝ። በግራ በኩል ማሽላው አለቀብን፤ የመጽሐፉን፣ የእናቷን ሰላምታ፣ የአባቴን ሥራ፣ የአጥሩን ወሬ ሁሉ ደርድረን ገና ይቀረኝ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ይሁን ለስላሳ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀለለኝ ብል ውሸት ነው። ሆዴ ያንኑ ይላል፤ ሸጣኛለች፣ ሸጣኛለች። ይህንኑ ነገርኋቸው።

"ይበል። ሆድ መች ዝም ይላል" አሉ። "አንቺ ግን ነገ የምትናገሪው ከየትኛው ክምር እንደሆነ እወቂ።"

ከዚያ እኔ አላርፍ አልሁ። ዘቦቹ የባላቸው ታንኳ ጎርጎራ አጠገብ ተገልብጦ ተገኘ ብለዋቸው እንደነበር ሴቶቹ ነግረውኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲያያቸው አያለቅሱም እንጂ፣ ፀጉራቸውን መሥራት ትተዋል። ማሽላውን በሙሉ ሰብስቤ ፊታቸው አኖርሁና፣ እርስዎስ ምን አዩ አልኋቸው።

እጃቸው ክሩ ላይ ቆመ። በቀኝ በኩል ባዶ የሆነውን ወለል አዩት።

"ለራሴማ አልቻልሁበትም" አሉ። ቀስ ብለው ክራቸውን ቀጠሉ። በኋላ ግን፣ መሽቶ ሳይጨልም፣ ሚዶ ያላት እንዳለች ሲጠይቁ ሰማሁ።

በማግስቱ ጧት ተጠራሁ። መርማሪው የተጻፈ ነገር ወደ እኔ አዙሮ እስክሪብቶ ላዩ ላይ አስቀመጠ። የጓደኛዬ ስም አለበት፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ቦታ። እግሬ አላበጠም ነበር እንዳይባል፣ አብጧል፤ ጫማ አልገባልኝም። እጄን ጭኔ ሥር አደረግሁት።

"አሰብሽበት?"

"ስትፈርም አላየኋትም" አልሁ። "የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ፊርማዋን ላሳይሽ?"

"ያሳዩኝ።"

አንድ ዶሴ ላይ እጁን አሳርፎ ተመለከተኝ። አልከፈተውም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ፊርማው ስላልነበረ ነው ማለት አልችልም።

"ወረቀቱን ሜዳ ላይ ነው ያገኘሁት" አልሁ፣ ለአራተኛ ጊዜ። እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ቆየሁ። እትዬን በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯቸው፤ ባላቸው ይኑሩ አይኑሩ አልሰማሁም። ስፈታ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልፎኝ ነበር። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል አሁንም አይሆንልኝም፤ አለቃዬ ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሰጥቶኛል። አባቴ ከፈረቃው ግማሽ ሰዓት ከዘገየ በሐሳቤ ገድዬ፣ ቀብሬ፣ ልቅሶ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ያኔ ለራሴ፣ ምን አየሽ እላለሁ፤ ሰዓቱን አየሁ፣ የተዘጋውን በር አየሁ። አንዳንድ ቀን ይህ ያሳርፈኛል። አንዳንድ ቀን ከማረፌ በፊት አባቴ ይደርሳል።

ጓደኛዬ ከእኔ በፊት ነው የተፈታችው። መጀመሪያ የተገናኘነው ሐይቁ ዳር ነው፤ ሰላምታ ሳትሰጠኝ ጀመረች።

"ወረቀቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ብያለሁ" አለችኝ። "ፈርሜአለሁ። ገና ሳይነኩኝ።"

መርማሪው እውነቱን ነበር ማለት ነው። ሆዴም። እንደዚያ ሆኖ እኔን ለምን በመኪና እንዳልወሰዱኝ አላውቅም። ይህን ብዙ አገላብጬዋለሁ። ያን ዕለት ዶሴውን ከፍቶ ቢያሳየኝ ምን አደርግ ነበር? እፈርም ነበር ይሆናል፤ ጀግና ነኝ አልልም። ግን አላሳየኝም፤ እኔም ባላየሁት ነገር ሰው አላስወሰድሁም። ከዚያ ዓመት የራሴ ነው የምለው ይህን ብቻ ነው።

ጎረቤት ነን፤ ስለዚህ እንገናኛለን። ባለፈው እሑድ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

"ትጠይኛለሽ አይደል?"

"አንዳንድ ቀን አዎ" አልኋት። "ዛሬ ግን እኔ ነኝ ነይ እንውጣ ያልሁሽ።"