ትንሽ ከፍ ይላል የተባለው ቤት

ዛሬ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆሜ ሳለከልክ አይተው፣ «ለታመመ ሰው አላከራይም» አሉኝ።

ክቡራን ወዳጆቼ፣ አልታመምኩም። ከድሬዳዋ ነው የመጣሁት። እኛ ዳገት የምንወጣው ሐረር ስንሄድ ነው፤ እሱንም በመኪና።

ደላላው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እየነዳኝ፣ «እዚሁ ነው፣ ትንሽ ከፍ ይላል» ሲለኝ ነበር። (ይሄ ሰውዬ እንጦጦንም ጉብታ ነው የሚላት።)

ነገ አዲስ ሥራ እጀምራለሁ፤ ዛሬ ግን ማደሪያ የለኝም። ስለዚህ ትንፋሼን እንደምንም ለቃቅሜ፣ «እማማ፣ ጤነኛ ነኝ። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ወዲያው በራ። «ውይ፣ እንደሱ አትለኝም! ካንተ በፊት የነበረውም የድሬ ልጅ ነው። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለህ!»

«የት ሄደ ታዲያ?»

«ዳቦ ልግዛ ብሎ ወረደ። ይኸው እስካሁን አልወጣም። ፍራሹ እዚያው አለ፣ ካልተጠየፍክ ተኛበት።»

ቤቱን ተከራይቻለሁ። ፍራሹም ይመቻል። ችግሩ አሁን ራበኝ፤ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ታች ነው።

ከሜዳ ከተማ መጥታችሁ እዚህ ዳገት ላይ የሰፈራችሁ ወገኖቼ፣ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካለ እባካችሁ ኮመንት ላይ ይመስክርልኝ።